1,347 «ስህተቶች»

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አርጅቷል። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። ከፍቼው ሌላ ሥራ ሠርቼ ስመለስ እንኳ ገና እየተነሳ ነው። በነጻ ያወረድኩት የሬጅስትሪ ማጽጃ 1,347 ስህተት አገኘሁ ብሎ በቀይ ጽፎልኛል። ላጽዳው ስል ግን መጀመሪያ ክፈል አለኝ። ልክፈል ወይስ ሌላ ነጻ ማጽጃ ልፈልግ?

መልስ፦ አይክፈሉ። ሌላም አይፈልጉ። ያወረዱትንም ያጥፉት።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በቀይ የተጻፈውም ለዚሁ ነው። ሬጅስትሪ ማለት ዊንዶውስና በላዩ የተጫኑት ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት ዳታቤዝ ነው። ፕሮግራም ሲያጠፉ ጥቂት መስመሮች ትቶ ይሄዳል። ድሮ ያጠፉት የሙዚቃ ማጫወቻ መጨረሻ ላይ የትኛውን ፎልደር ከፍቶ እንደነበር የሚናገር መስመር እስከ ዛሬ እዚያው ሊኖር ይችላል። ማጽጃው «ስህተት» እያለ የሚቆጥርልዎ በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ነው። ማንም አያነበውም፣ ማንንም አይጎዳም። ዊንዶውስ ሬጅስትሪውን ከላይ እስከ ታች እያነበበ አይሄድም፤ የሚፈልገውን ቁልፍ በአድራሻው ሄዶ ያነሳል። እነዚያ 1,347 መስመሮች ቢደመሩ በስልክ የተነሳች አንድ ፎቶ አያህሉም።

ድሮ ነገሩ ትንሽ እውነት ነበረው። እስከ ዊንዶውስ 2000 ድረስ ሬጅስትሪው የመጠን ገደብ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ገደቡ በአብዛኛው ተነሳ። ማይክሮሶፍትም በ1990ዎቹ ሬግክሊን የሚባል የራሱ ማጽጃ ነበረው፤ ኋላ ተወው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ማጽጃዎችን እንደማይደግፍ በይፋ ጽፏል። በእነሱ የተነሳ የሚመጣ ብልሽት ዊንዶውስን እንደ አዲስ እስከ መጫን ሊያደርስ እንደሚችልም ያስጠነቅቃል። እኔ ዘንድ የመጣ አንድ ደንበኛ ማሽኑን «ካጸዳ» በኋላ የሂሳብ ፕሮግራሙ ላይሰንስ የለህም ብሎት ቁጭ አለ። ላይሰንሱ የተቀመጠው ሬጅስትሪ ውስጥ ነበር። ፍጥነቱ? ያው በነበረበት።

ታዲያ የእርስዎን ላፕቶፕ ምን ያዘው? አብረን እንይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ስታርትአፕ የሚለውን ሲነኩ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ያገኛሉ። የማይፈልጉትን ዲሴብል ያድርጉ። ያ ማጽጃ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ቢያገኙት አይገረሙ።

ቀጥሎ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተው ዲስኩን ይመልከቱ። ምንም ሳይከፍቱ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቆየ ጥፋተኛው እሱ ነው። ዓይነቱም እዚያው ይጻፋል። ኤችዲዲ ካለ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፤ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ እጅግ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ስለሚያነብ፣ ልዩነቱ በየፋይሉ እየተደመረ ይሄዳል። እንደ እውነቱ ከሆነ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላየሁም። ለማጽጃው ሊከፍሉ ያሰቡትን ለኤስኤስዲ መነሻ ያድርጉት።

ራሙም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) 4 ጊጋባይት ለዊንዶውስ 10 ጠባብ ነው። ብሮውዘር ላይ ብዙ ታብ ሲከፍቱ ራሙ ይሞላና ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስኩ ይገፋል፤ ዲስኩ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። 8 ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ግን ራም ከመግዛትዎ በፊት ሞዴሉን ያጣሩ፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ አይጨመርም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ ቀለል ያለ ሊነክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሌላ ሲስተም) መሞከር ይቻላል።

ምናልባት ማጽጃውን አስኪደውት ከሆነና የሆነ ነገር እንቢ ካለዎት፣ ከማስኬድዎ በፊት ወደነበረ ቀን በሲስተም ሪስቶር ይመልሱት። ኤስኤስዲ ለማስቀየር ሲወስዱት ደግሞ ሰነድና ፎቶዎን በሌላ ዲስክ ባክአፕ ሳያደርጉ እንዳያስከፍቱት።