ሲኤምኤሱን ከመቀየርሽ በፊት የየገጹን ባለቤት ፈልጊ

«ድረ ገጻችን ባረጀ መረጃ ተሞልቷል፤ ከዎርድፕረስ ወደ ድሩፓል ብንዛወር ይስተካከላል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እህቴ፣ በሁለቱም ሲኤምኤሶች (የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች) ሠርቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። በእኔ እምነት አይስተካከልም።

ቀድሞ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሞክሯል። ወራት ፈጅተን ሁሉንም ገጽ እንዳለ ወደ አዲሱ ሲኤምኤስ ጫንነው። ከሥራ የለቀቁ ሰዎች ስምና የማይሠራ ስልክ ቁጥር ሳይቀር አብሮ ተጓዘ። ዓመት ሳይሞላ እዚያው ነበርን። ኮሙኒኬሽን «የአይቲ ሥራ ነው» ይላል፤ አይቲ ደግሞ «እኛ የምንጠብቀው ሰርቨሩን ነው» ይላል። በመሃል የተሳሳተውን ቁጥር እየደወለ የሚንገላታው ተገልጋይ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኋላ ለውጥ ያመጣው አንድ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። የገጹ አድራሻ፣ ኃላፊው ክፍል፣ የአንድ ሰው ስም፣ መጨረሻ የታየበት ቀን፤ በቃ። የክፍል ስም ብቻ አይበቃም፤ ክፍል ስልክ አያነሳም፣ ሰው ነው የሚያነሳው። ባለቤት ያጣውን ገጽ ወደ ድራፍት (ለተገልጋይ ወደማይታይ ረቂቅ) መለስነው። ለአንድ ወር ማንም ካልጠየቀ ይጠፋል። በሌላ ገጽ የተተካ ከሆነ ግን የድሮውን አድራሻ በ301 ሪዳይሬክት (ጎብኚውን በራሱ በሚያሻግር ቋሚ ምሪት) ወደ አዲሱ ምሪው። አለዚያ ሰው ያስቀመጠው ሊንክ ሁሉ 404 («ገጹ አልተገኘም» የሚል ስህተት) ላይ ይጥለዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ፈቃድ ነው። እኛ ጋ ሁሉም አድሚን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያለው፣ ነበር። አንድ ባልደረባችን በቅንነት ዓርብ ማታ ፕለጊን (በሲኤምኤሱ ላይ የሚጨመር ቅጥያ) አፕዴት አደረገ፤ ድረ ገጹ እስከ ሰኞ ወደቀ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረን፤ መልሶ መጫኑን ግን ማንም ሞክሮት አያውቅም። ዎርድፕረስ ራሱ ኮንትሪቢዩተር የሚባል ደረጃ አለው፤ ይጽፋል እንጂ አያትምም። ኤዲተሩ አይቶ ያትማል። ለአብዛኛው ሠራተኛ ይህ ይበቃል። አድሚን ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ እረፍት ሲወጣ ሌላው እንዲኖር።

ድሩፓል መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ፈቃድንና የማጽደቅ ሂደትን በዝርዝር ለመከፋፈል ጎበዝ ነው። ግን እሱም ጠባቂ ይፈልጋል። የድሩፓል 7 ድጋፍ በአውሮፓውያኑ ጥር 5 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ እሱ ላይ ለቆዩት ወደ አዲሱ መሸጋገር ድረ ገጹን እንደ አዲስ ከመሥራት አይተናነስም ነበር። ለጥገናው በየዓመቱ ጊዜና በጀት ካልተያዘ ሁለቱም ያው ናቸው።

ስለዚህ አሁን ብዙ የሚጎበኙትን 20 ገጾች አውጪና ለእያንዳንዳቸው ባለቤት ፈልጊ። ለስንቱ ሰው እንዳገኘሽ ንገሪን፤ ስለ ሲኤምኤሱ ያኔ እንነጋገራለን። ዶሜናችሁ (የድረ ገጹ የኢንተርኔት ስም) በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ ግን ዛሬውኑ እዪ። የእኛ የተመዘገበው ከለቀቀ በቆየ ሠራተኛ የግል ኢሜይል ነበር፤ የእድሳት ማስታወሻው ሁሉ ለእሱ ሲላክ ከርሟል።