ከፍ በተደረገ ሃይሉክስ ላይ የፊት ዲፈረንሻል ስፔሰር አልገባ ሲል
የዲፈረንሻሉን (ኃይልን ለፊት ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሳጥን) የፊት ሁለት ብሎኖች ፈትተው ስፔሰሩ (ዲፈረንሻሉን ዝቅ ለማድረግ የሚገባው ማራራቂያ) አልገባ ያለዎት የኋለኛው ማሰሪያ ጠብቆ ስለቆየ ይመስለኛል፤ ዲፈረንሻሉ ወደ ታች የሚያዘነብለው በእሱ ላይ በመሆኑ ብሎኑን ሳያወጡ ያላሉት።

ከዚያም ዲፈረንሻሉን በክሪክ ደግፈው በዝግታ ዝቅ በማድረግ ስፔሰሮቹን በሻሲውና በማሰሪያው መካከል ያስገቡ፤ አብረው የመጡትን ረጃጅም ብሎኖች ሁለቱንም አስቀድመው በእጅ ያስይዙ፣ የኋለኛውን በመጨረሻ ያጥብቁ። ስፔሰሩ ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር የድሮዎቹ ብሎኖች ጥርስ ቢይዙ እንኳ በጥቂቱ ነውና አይመኑባቸው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ዲፈረንሻሉ ሲወርድ ከላዩ ያለው የመተንፈሻ ቱቦ አብሮ ይጎተታል። ቱቦው ሳይታወቅ ወልቆ የቀረበት መኪና ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ውሃ ገብቶበት ዘይቱ ሲቀዳ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ክሪኩን ከማውጣትዎ በፊት ቱቦው ሳይወልቅና ሳይወጠር መቀመጡን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።