ዶክትሬት ከሥራ ጋር፦ ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ጥያቄ በዛብኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናበዛ፣ አንተና አንቺ እያልኩ ልመልስ።

«ማስተርስ ይዤ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የዲኤስደብሊው እና የፒኤችዲ ልዩነት ምንድን ነው?» (ከሳቢያን)

ዲኤስደብሊው በእንግሊዝኛ «የማኅበራዊ ሥራ ዶክተር» ለሚለው ማሳጠሪያ ነው። ሁለቱም ዶክትሬት ናቸው። ፒኤችዲ ለምርምርና ለማስተማር ያዘጋጃል። ዲኤስደብሊው ግን ከሥራሽ ይነሳል፤ ቢሮ ውስጥ ያስቸገረሽን ጉዳይ ይዘሽ ገብተሽ፣ መፍትሔ ትፈልጊለታለሽ። በብዛት የሚሰጠው አሜሪካ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ፒኤችዲውን ነው። ዓላማሽ ማስተማር ከሆነ እሱ ይሻልሻል።

«ሥራዬን ሳልለቅ ከአሜሪካ በኦንላይን ልማር?» (ከከዚራ)

ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን አስላ። ኒውዮርክ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ክፍል ድሬ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የእነሱ ቅዝቃዜ ሲገባ ደግሞ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ 9 ይሆናል። ጠዋት ቢሮ አለብህ፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ አስበው! ትምህርቱ ተቀድቶ ይቀመጥ እንደሆነ ጠይቅ። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመላክህ በፊት ዲግሪው እዚህ አገር ዕውቅና ማግኘት አለማግኘቱን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አጣራ።

«ሐረር ውስጥ ከተቸገሩ እናቶች ጋር እሠራለሁ። መዝገባቸው እጄ ላይ ነው። ለጥናቴ ልጠቀምበት?» (ከጁገል)

እጅህ ላይ ስላለ ያንተ አይሆንም። እናትየዋ ችግሯን የነገረችህ እንድትረዳት እንጂ እንድትመረቅባት አይደለም። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ፣ የእሷ ስምምነት ያስፈልጉሃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስምምነቱ ነው። እርዳታዋን የምትፈርመው አንተ ነህ። «እሺ» ያለችህ ወዳ ይሁን ፈርታ በምን ታውቃለህ? ስለዚህ ሌላ ሰው ይጠይቃት፤ እምቢ ብትልም ከእርዳታው እንደማትጎድል ይንገራት። ወይም የሌላ መሥሪያ ቤት ተገልጋዮችን አጥና። ስም መሰረዝም ብቻውን አይበቃም። «ባሏ ሹፌር የነበረ፣ በሸዋ በር በኩል የምትኖር የሦስት ልጆች እናት» ብለህ ብትጽፍ፣ ጁገል ውስጥ የማያውቃት ማን አለ?

ርዕሱን መቀየር ከፈለግክ አፎቻን፣ የሐረሪዎችን መረዳጃ ማኅበር፣ እይ። ሰው በሐዘንም በችግርም የሚተጋገዝበት መንገድ እደጅህ አለ። እኔ ብሆን እሱን ነበር የማጠናው።

«ስጨርስ ደመወዝ ይጨመርልኛል?» (ከመጋላ)

ለሰው ሀብት ክፍልህ አሁኑኑ በጽሑፍ አቅርብ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተባለ ጭማሪ አትቁጠር።

«ሰፈር ውስጥ ዶክተር ብለው ይጠሩኝ ይሆን?» (ከአሸዋ)

ይጠሩሻል፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጓደኛዬ በተመረቀ ሳምንት ጎረቤቱ እማማ ራጃቸውን ይዘው መጡ። «ይሄንንስ ለሐኪም ያሳዩት» አላቸው። «ታዲያ አንተ የምን ዶክተር ነህ?» አሉት። እስካሁን እያስረዳቸው ነው።