ቋሚ ሥራ የሚባለውን እኔም አውቀዋለሁ

እህቴ፣ በድሬ ልማድ «አንቺ» ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖሪው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ጨርሰሽ ቤት ከተቀመጥሽ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖሻል። «መንግሥት መንገድና ባቡር ሲሠራ ሥራ ይፈጠራል» ሲባል ነው ያደግሽው። አሁን አንድ የመንገድ ፕሮጀክት የ11 ወር ኮንትራት ሰጠሽ፤ ኑሮው ካምፕ ነው። እናትሽ ደግሞ «ቋሚ ካልሆነ አትሄጂም፣ የመንግሥት ቢሮ ይጠበቅ» አሉ።

እናትሽ ይቅር ይበሉኝና፣ ቋሚ ሥራን እቤታችን አይቼዋለሁ። አባቴ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ሠራተኛ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ባይደርስ ከዚራም ለገሃርም የሚባሉ ሰፈሮች የሉም፤ ከዚያ የባሰ ቋሚ ከየት ይመጣል? ግን አሮጌው ባቡር እየደከመ፣ እየደከመ ቆመ። አባቴን ያኖረው ቋሚነቱ ሳይሆን የእጁ ሙያ ነበር። ሰው የተበላ ዘንግ በጨርቅ ጠቅልሎ በራችንን ያንኳኳ ነበር።

መሠረተ ልማት ሥራ ይፈጥራል የሚባለው ውሸት አይደለም፤ የሚነገረው ግን ግማሹ ነው። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ብዙው ገንዘብ ድንጋይ ለሚጠርበውና ለሚያነጥፈው እጅ ይደርሳል። አስፋልት ላይ ሬንጁ ከውጭ ይገዛል፣ ግሬደሩና ሩሎው የብዙ ሰው ሥራ ይሠራሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር እዪው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው በቻይና ብድር፣ በቻይና ኩባንያዎች ተሠራ። አፈር ቆፋሪው ሐዲዱ ሲያልቅ ተሰናበተ። የቀረው የሚነዳው፣ ሲግናል የሚጠብቀው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚጠግነው ነው።

ስለዚህ ኮንትራቱ 11 ወር መሆኑ አያስደንግጥሽ። ምን ያሠሩሻል? እሱን ጠይቂ። አፈርና አስፋልት የሚፈተሽበት ላብራቶሪ ወይም ልኬትና ክፍያ ክፍል ካስገቡሽ ዓይንሽን ሳታሺ ሂጂ። የቀን ሠራተኛ ሰዓት መዝጋቢ ካደረጉሽ ግን ዲግሪሽን አቧራ አልብሰሽ ትመለሻለሽ።

የእኔ የመጀመሪያ ኮንትራት 10 ወር ነበር። አርብ ከሰዓት ጠርተው «ሰኞ እንዳትመጡ» አሉን። የመጨረሻ ደመወዜን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቀጣዩ ቀጣሪዬ ግን ዲግሪዬን ዞር ብሎም አላየውም። ለክፍያ ሰርተፊኬት (የተሠራው ሥራ ተለክቶ ክፍያ ለሚጠየቅበት ሰነድ) በእጄ ያዘጋጀኋቸውን የልኬት ወረቀቶች ነው አንድ በአንድ ያገላበጠው። እናትሽ የሚጠብቁት የቢሮ ማስታወቂያም እኮ ሲወጣ ልምድ ይጠይቃል!

የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ዘጠነኛው ወር ላይ ጠይቂ። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ኮንቴይነሩ ይጫናል፣ ፈራሚውም ይበተናል።

ወንድምሽ ደመወዝሽን ገና ሳትቀበዪው ለቤት ኪራይ መድቦታል። ግማሹ የእኔ ነው በዪው፣ ይቆጣ።

ጅቡቲ ያለው አጎትሽ የሚያወራውን ሥራ ኮንትራቱን በዓይንሽ ሳታዪ አትነሺ። «ማስተርስ ልቀጥል ወይ?» ላልሽው ደግሞ፣ ይቆይ።

እናትሽን በእውነት የሚያስጨንቃቸው የካምፑ ኑሮ ይመስለኛል፤ እሱ ላይ እውነት አላቸው። ከመፈረምሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ይዘሻቸው ሂጂ። የሴቶቹን መኝታ፣ የበሩን ቁልፍ፣ ሽንት ቤቱን ራሳቸው ይዩት።