ማሩያዬ ለምን ዘይት ይጠጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ ስሠራ አብራኝ የነበረች ፊሊፒናዊት ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀለል ሲል ሙዝ በሊጥ ነክራ ትጠብስልን ነበር። ማሩያ ትለዋለች። ከላይ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። አሁን አገሬ ገብቼ ራሴ ልሠራ ብል አልሆን አለኝ። ሙዙ ይፈርሳል፣ ሊጡ ይላቀቃል፣ ዘይት ጠጥቶ ይወጣል። እሳቱን ሳበዛው ደግሞ ውጩ ጠቁሮ የውስጡ ሊጥ ጥሬ ይቀራል። ሊጡ ላይ ምን ልጨምር?
አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ፣ አያት

መልስ፦ እህቴ፣ ሊጡን ለጊዜው ተዪው፣ ችግሩ የሚጀምረው ከሙዙ ነው። ጓደኛሽ ትጠብስ የነበረው ሳባ የሚባለውን ሙዝ ሳይሆን አይቀርም፤ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ የፊሊፒኖች ሱቅ ካለ እሱ አይጠፋም። አጠር ወፈር ያለ፣ ጎኑ ማዕዘን የሚያወጣ፣ ልጣጩ ጠንካራ ሙዝ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ማሩያው፣ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጠበሰው ቱሮን፣ በስኳር ተጠብሶ እንጨት ላይ የሚሰካው ባናና ኪው፣ የሙዝ ኬቻፑ ሳይቀር የሚሠራው ከሱ ነው። ስታርቹ ብዙ ስለሆነ በስሎም እሳት ሲነካው ቅርጹን ይይዛል። የእኛ የአርባ ምንጭ ሙዝ ግን እንዲሁ ተልጦ ለመበላት የሚመች ነው፤ በደንብ ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ይለሰልሳል። ዘይት ውስጥ ስትከቺው ውሃው እንፋሎት ሆኖ ሊጡን ከሙዙ ላይ ይገፋዋል፣ ስኳሩ ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል። ካየሽው አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ስለዚህ ገበያ ስትሄጂ ቢጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ገና አረንጓዴ ያለበትን፣ በአውራ ጣት ጫን ስትይው የማይሰረጉደውን ምረጪ። ለሁለት ቁረጪውና እያንዳንዱን ግማሽ በቁመቱ ሦስት ቦታ ሰንጥቂው፤ ግን ጫፉ ላይ አንድ ጣት ያህል ሳትነኪ ተዪ። ከዚያ በመዳፍሽ ቀስ አድርገሽ ስትጫኚው እንደ ከሰል ማርገብገቢያ ይዘረጋል። ይሄ ለማማር ብቻ አይደለም፣ ሊጡ በየስንጥቁ ይገባና ሙዙን አንድ ላይ ይይዘዋል፣ ሳስቶም ቶሎ ይበስላል። በንጹህ ጨርቅ አድርቂው፣ ደረቅ ፉርኖ ዱቄት ነስንሺበት፣ ከዚያ ነው ሊጥ ውስጥ የሚነከረው። ደረቁን ዱቄት አትዝለዪ፣ ሊጡ የሚይዘው በሱ ነው።

ለሊጡ 2 የሻይ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 እንቁላል፣ 1 ብርጭቆ ተኩል ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ማንኪያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ዱቄት ጨምሪ። ብዙ አትምቺው፣ ትንሽ ቢጓጉል ምንም አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሊጡ ውስጥ ያለው እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ የቤኪንግ ፓውደሩም ጋዝ ይበልጥ ይነፋዋል፤ በዚህ ምክንያት እዚያ የሠራልሽ ልክ እዚህ ይበዛል። ቤኪንግ ፓውደሩን ያሳነስኩትም ለዚህ ነው። እሳቱንም ከዱባዩ ትንሽ ቀንሺ። ዘይቱ ለመድረሱ ጠብታ ሊጥ ጣል አድርጊ፦ ትንሽ ሰጥሞ ወዲያው እየተንፎለፎለ ብቅ ካለ ደርሷል፣ ታች ከቀረ ገና ነው፣ ወዲያው ከጠቆረ አልፎበታል። ዘይት የሚጠጣው ዘይቱ ሳይግል ሲገባ ወይም መጥበሻው ሲጨናነቅ ነውና ሁለት ሦስት ብቻ እየከተትሽ ጥበሺ። ሲወጣ ሳህን ላይ አትደራርቢው፣ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። ወንፊት ላይ አሳርፊውና ትኩስ እንዳለ ስኳር ነስንሺበት። ቀረፋ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ያለ ቀረፋ ነው የምወደው፣ የሙዙ ጣዕም ይቀድማል።

ሙዙ በጣም ከበሰለብሽ ደግሞ አትጣዪው። ሚንዳናኦ በምትባለው የደቡብ ፊሊፒንስ ደሴት ያሉ ሙስሊሞች ጃምፖክ የሚሉት አላቸው፤ ሙዙ ደቆ ከዱቄት ጋር ይቀላቀልና ይጠበሳል። ቅርጽ አያስጨንቅሽም፣ እሳቱ ግን መለስተኛ ይሁን።

ጥያቄ፦ በጾም ማሩያ መሥራት ይቻላል? እንቁላልና ወተቱ ከወጣ ምን ይቀራል?
ከሻርጃ

መልስ፦ ይቻላል። በወተቱ ፈንታ በጣም የቀዘቀዘ ጋዝ ያለው ውሃ፣ በእንቁላሉ ፈንታ አንድ ሁለት ማንኪያ የሩዝ ዱቄት ጨምሪ፤ እንዲያውም ይበልጥ ኩርሽም ይላል። ግን እኔን ካልሽ በጾም ቱሮን ሥሪ፣ እሱ ከመነሻው ወተት አይነካውም። ሙዙን በቁመቱ ሰንጥቀሽ ቡናማ ስኳር ላይ ታንከባልዪዋለሽ፣ እነሱ ላንግካ የሚሉትን ጃክፍሩት የሚባል ቢጫ ጣፋጭ ፍሬ ቀጭን አድርገሽ ታክይበታለሽ (ጣሳ ውስጥ በሽሮፕ የታሸገው ይሆናል)፣ ከዚያ የሉምፒያ ሊጥ በሚሉት ስስ መጠቅለያ ትጠቀልዪና ትጠብሻለሽ። እንቁላል የገባበት ሊጥም ስላለ ማሸጊያውን አንብቢ። አዲስ አበባ ለሚያነቡን ደግሞ፣ የሳምቡሳ ሊጥ ይተካዋል። ጥቅሉ ቢጫ ማለት ሲጀምር ዘይቱ ላይ ስኳር ትበትኛለሽ፤ ቀልጦ ይለጠፍበታል። በመቆንጠጫ አገላብጪው፣ ልጆችንም ከአጠገብሽ አርቂ፤ የቀለጠ ስኳር እጅ ላይ ከተለጠፈ ከዘይት የባሰ ያቃጥላል። ሶፍት ላይ አታሳርፊው፣ ይጣበቅብሻል።

ጥያቄ፦ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእስያ ሱቅ ውስጥ በረዶ የሆነ ሳባ አገኘሁ፣ የላቲኖቹ ሱቅ ደግሞ ፕላንቴን የሚባለው ተበስሎ የሚበላ ትልቅ ሙዝ አለ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳባውን ግዛ። ፕላንቴን የግድ ከሆነብህ ቢጫ ሆኖ መጥቆር የጀመረውን እንጂ አረንጓዴውን አትውሰድ፣ እሱ እንደ ድንች ነው የሚበስለው። ሳባውን ቢላ እስኪያስገባ ብቻ አቅልጠህ ቁረጠው፤ ጨርሶ ከቀለጠ ውሃ ይለቃል። በደንብ ሳታደርቀው ዘይት ውስጥ አትክተተው፣ ይፈነጥቅብሃል።