ሽንሽኑ የጠለቀ ትዊተር

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልኝ ወንድሜ፣ ባለ ሽንሽን ትዊተርዎ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የድምፅ ማጉያ ክፍል) የጸናጽል ድምፅ ሲመጣበት 11 ኪሎ ኸርዝ (በሴኮንድ 11,000 ውዝዋዜ) አካባቢ እንደሚጮህ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደሚሞት ነግረውኛል። ወፍራሙን ድምፅ ከትዊተሩ የሚያግደውን ካፓሲተር ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። ሦስተኛውን አይግዙ፤ ጥፋቱ ሽንሽኑ ላይ ነው።

ኦስካር ሃይል የፈለሰፈው ይህ ትዊተር የአልሙኒየም መስመር የተለጠፈበት ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ እንደ እናቶቻችን ቀሚስ ተሸንሽኖ በማግኔት መካከል ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የእጥፋቱ ግድግዳዎች ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ፤ አየሩም እንደ ወናፍ ተጨምቆ ይወጣል። ግድግዳው ጥቂት ሲንቀሳቀስ አየሩ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ጣጣውም እዚሁ ነው።

እያንዳንዱ እጥፋት አንድ ጫፉ የተዘጋ ጠባብ ቦይ ነው። ጥልቀቱ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ሲያህል ያስተጋባል። የእርስዎ ጥልቀት 7 ሚሊ ሜትር ነው ብለዋል፤ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛልና 343,000ን ለ28 ያካፍሉ፦ 12,250 ኸርዝ። ከአፉ ውጭ ያለው አየርም አብሮ ስለሚወዛወዝ ቦዩ የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ጩኸቱ ወደ 11 ኪሎ ኸርዝ የወረደው ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ ከሥሩ የተነሣው ሞገድ ከአፉ ከተነሣው ዘግይቶ ስለሚደርስ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። (ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ስለሆነ ድምፅ ይዘገያል የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ስስነቱ አይደለም።)

ታዲያ ለምን ሁሉም በ4 ሚሊ ሜትር አይሠራም? ያኔ ማስተጋባቱ በስሌት ከ21 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይሆናል፤ ከአፉ ውጭ ያለው አየር ወደ 18 ቢያወርደውም ብዙ አዋቂ አይሰማውም። ነገር ግን እጥፋቱ ሲያጥር የሽፋኑ ስፋት ይቀንሳል፤ ዝቅተኛውን ድምፅ መሸከም ያቅተዋል። የእርስዎን የሠራው ሰው ታችኛውን መርጧል፤ አልፈርድበትም።

በኢኳላይዘር (የድምፁን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) 11 ኪሎ ኸርዝን 3 ወይም 4 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ዝቅ ያድርጉት። ከ15 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ግን ከፍ አያድርጉ፤ የጠፋው አይመለስም፣ አልሙኒየሙን ያሞቀዋል እንጂ። ይህ ካላረካዎት እጥፋቱ ያጠረ ሌላ ትዊተር ይግዙና የመለያያ ድግግሞሹን፣ ማለትም ትዊተሩ ድምፁን ከትልቁ ማጉያ የሚረከብበትን ነጥብ፣ ከፍ ያድርጉ።

የቆየውን ሲፈቱ የብረት ካቻቢቴ ወደ ፊቱ አያስጠጉ። ማግኔቱ ከእጅዎ ይነጥቀውና ሽፋኑን ይበሳዋል። እኔ የአንድ ደንበኛ ትዊተር በዚህ ሁኔታ ተበስቶብኝ ዋጋውን ከፍያለሁ።