ቡፌ ላይ የሚቀመጥ ስፒከር የቱ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎናችን 4 በ3 ተኩል ሜትር ቢሆን ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ውጭ ያለው ወንድሜ ዴኖን ፒኤምኤ-600ኤንኢ የሚባል አምፕሊፋየር ላከልኝ። ለጊዜው ከድሮ ቴፓችን የነቀልኳቸውን ሁለት ስፒከሮች ገጥሜበታለሁ፤ የአንዱ ዙሪያው ስፖንጅ ተቀዷል፣ ጮክ ሳደርገው ድምጹ ይሻክራል። አዲስ ልገዛ መርካቶ ብወጣ አንዱ ሻጭ «አምፕህ 45 ዋት ነው፣ ከዚያ በላይ የተጻፈበት ስፒከር አይነዳልህም» አለኝ። ሌላው ደግሞ «300 ዋት ካልወሰድክ ይቃጠልብሃል» ብሎ ድርቅ አለ። የማስቀምጠው ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ነው። የማዳምጠው በብዛት የድሮ ዘፈን ነው፤ በጾም ደግሞ በገና። የቱን ልግዛ? (ከሰሚት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ሻጮች ተሳስተዋል። ስፒከር ጀርባ ላይ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ የሚያወጣው ድምጽ አይደለም፤ ሳይቃጠል ሊችለው የሚችል ጉልበት ነው። ጉልበቱን የሚሰጠው አምፑ ነው። ስለዚህ ባለ 45 ዋቱ አምፕህ 100 ዋት የተጻፈበትን ስፒከር ያለ ችግር ይነዳዋል። እንዳንተ ባለ ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቶ ሰው እየተጫወተ ሲቀመጥ አምፑ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ዋት አይበልጥም። ቀሪው ከበሮው ድንገት ድው ሲል የሚያስፈልግ መጠባበቂያ ነው።

ታዲያ ስፒከር የሚቃጠለው በምንድን ነው ካልከኝ፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ አምፕ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ቮልዩሙ እስከ ጥግ ይዞራል፣ የአምፑ አቅም ያልቅና የድምጹን ጫፍ ጫፍ እየቆረጠ መላክ ይጀምራል። ያ የተቆረጠ ድምጽ ሙቀት ሆኖ ትዊተሯ ላይ ይወርዳል። ትዊተር ማለት ቀጭኑን ድምጽ የምታወጣው ትንሿ ናት፤ ውስጧ ያለው ጥቅል እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ነው፣ ብዙ ሙቀት አይችልም። ድምጹ መሻከር ሲጀምር ቶሎ ቀንስ። ካርቶኑ ላይ 300 ዋት መጻፉ አያድንህም።

ስለዚህ ዋቱን ተወውና ሁለት ሌሎች ቁጥሮች እይ። የመጀመሪያው ዴሲቤል ነው። አንድ ዋት ገደማ ሰጥተኸው ከአንድ ሜትር ርቀት ምን ያህል ይጮሃል የሚለውን ይነግርሃል። በዚህ ቁጥር ላይ 3 ዴሲቤል ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ 3 ዴሲቤል ያነሰው ስፒከር ያንኑ ያህል እንዲጮህ እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ለምሳሌ ኬፍ ኤልኤስ50 የተባለው በጣም የተወደደ ስፒከር 85 ዴሲቤል ነው፣ ኪው አኮስቲክስ 3020አይ ደግሞ 88። አንተ 45 ዋት ይዘህ 3020አይ ስትገጥም፣ ሌላው ሰው 90 ዋት ይዞ ኤልኤስ50 እንደገጠመ ማለት ነው። ባለ ትንሽ አምፕ ከሆንክ ከ86 በታች ባትወርድ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ኦም ነው፤ ስፒከሩ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካ ነው። ኦሙ ሲያንስ አምፑ ብዙ ከረንት እንዲሰጥ ይገደዳል፣ ይሞቃል። ያንተ ዴኖን በ8 ኦም 45 ዋት፣ በ4 ኦም 70 ዋት ይሰጣል፤ ስለዚህ ባለ 6 እና ባለ 8 ኦም ስፒከር አያስቸግረውም። የተጻፈው ኦም ግን አማካይ ነገር መሆኑን እወቅ። ኬፍ ኪው150 ላይ 8 ኦም ይላል፣ ፋብሪካው ራሱ ግን አንዳንድ ድምጽ ላይ እስከ 3.7 እንደሚወርድ ይጽፋል። አሁን የገጠምካቸው የቴፕ ስፒከሮች ይበልጥ ያሳስቡኛል። ብዙ የዚያ ዓይነት ስፒከር 3 ወይም 4 ኦም ነው። ጀርባቸውን አገላብጠህ እይ፤ አምፑ ጀርባ፣ ገመዱ የሚገባበት አጠገብ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም ካነሱ ዛሬውኑ ንቀላቸው። ስፖንጁን ለማሰራትም ገንዘብ አታውጣ፤ ለዚያ ቴፕ ብቻ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ቡፌው እንምጣ፣ ምክንያቱም ከስፒከሩ ስም ይልቅ የሚወስንልህ እሱ ነው። ብዙ ትንንሽ ስፒከሮች ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ አላቸው፤ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምጽ፣ በዚያ በኩል ይተነፍሳል። ግድግዳ አስጠግተህ ስታስቀምጠው ቤዙ ያብጣል፣ የዘፋኙ ድምጽ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ከግድግዳው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ያስፈልጋል፤ ቡፌ ላይ ግን ይህ ቦታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ላንተ ቀዳዳው ከፊት የሆነ ይሻልሃል። እኔ ብሆን ኢላክ ዴቡት ቢ5.2ን እወስዳለሁ። ቀዳዳው ከፊት ነው፣ 86 ዴሲቤል፣ 6 ኦም፣ ቤዙ እስከ 46 ኸርዝ ይወርዳል (ኸርዙ ሲያንስ ድምጹ ይወፍራል)፤ ለዚያ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ቁመቱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሳትገዛ በፊት ቡፌህን በሜትር ለካው። ቡፌው ጠባብ ካልሆነና ማራቅ ከቻልክ 3020አይም መልካም ነው። ባለ ቀዳዳ ጀርባ በእጅህ ከገባ ደግሞ ካልሲ ጠቅልለህ ቀዳዳው ውስጥ ወትፍበት፤ ቤዙ ሲረጋጋ ወዲያው ይሰማሃል።

አንዳንዱ ክሊፕሽ አር-51ኤም ግዛ ይልሃል፤ 93 ዴሲቤል ነው፣ ባንተ አምፕ በጣም ይጮሃል። ነገር ግን ትዊተሩ ጥሩምባ ቅርጽ ያለው፣ ቀጭኑን ድምጽ ወደፊት የሚወረውር ነው። ባዶ ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ላይ፣ ያውም ከካሴት በተቀዳ የድሮ ዘፈን፣ ግማሽ ሰዓት ሳትሞላ ጆሮህ ይደክማል ብዬ እፈራለሁ። በድሮ ዘፈን ሀብቱ ያለው መሃል ላይ ነው፤ የሰው ድምጽ፣ ሳክስፎኑ፣ ክራሩ። መሃሉን በትክክል የሚያወጣ ስፒከር ምረጥ፣ ዱብ ዱብ የሚለውን አይደለም።

ሳሎንህ መሃል ቆመህ አንዴ በኃይል አጨብጭብ። «ጭው» የሚል ነገር ከተከተለ የምትሰማው ግማሹ ግድግዳው የመለሰልህ ነው። ወፈር ያለ መጋረጃ ስቀል፣ ከሶፋውና ከቡፌው መካከል ምንጣፍ አንጥፍ። ይህ ያልተደረገበት ቤት ውስጥ ውድ ስፒከር ማስገባት በጣም ያሳዝነኛል፣ ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስታስቀምጠው የስፒከሩን ፊት ከቡፌው ጠርዝ እኩል አድርገው፤ ወደ ኋላ ከገፋኸው ድምጹ እንጨቱ ላይ እየነጠረ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ወደ 2 ሜትር ይኑር፣ ወደምትቀመጥበትም ትንሽ ይዙሩ። ትዊተሯ ተቀምጠህ ከጆሮህ ጋር ብትተካከል ጥሩ ነው። ከስሩ ወፍራም ላስቲክ አድርግ። አንድ ዘመዴ ቤት አዲስ ስፒከር ገጥመን ቤዝ በመጣ ቁጥር የሆነ ነገር ዝርር ይል ነበር። ተቀዶ ነው የሸጡልን ብለን ፈታነው፣ መልሰን ገጠምነው፣ ምንም የለውም። በኋላ ልጅቷ ቡፌውን ከፍታ ሲኒዎቹን እርስ በርስ ሳይነካኩ ስትደረድራቸው ጸጥ አለ። የቡፌ መስታወትና ሲኒ ከስፒከር ጋር አብሮ ይዘፍናል፤ መጀመሪያ እሱን እይ።

ለመሞከር ሱቅ ስትሄድ የራስህን ሙዚቃ ይዘህ ሂድ። በገና የምትሰማ መሆንህ ትልቅ ዕድል ነው። አሥሩ አውታሮች ሥር እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች አሉ፤ ያ የሚነዝረው ድምጽ ከእነሱ ነው የሚመጣው። ጥሩ ስፒከር ላይ መጀመሪያ ጣቱ አውታሩን ሲመታው ትሰማለህ፣ ንዝረቱ ከኋላ ይከተላል፣ የእያንዳንዱ አውታር ንዝረት ለየብቻው ይለያል። መጥፎው ላይ ሁሉም ተደባልቆ አንድ የዝንብ ጩኸት ይሆናል። ያ የተቀደደው ስፒከርህ ደግሞ የራሱን መሻከር ከእንዚራው ጋር ስለሚቀላቅለው እስካሁን በገናውን በደንብ የሰማኸው አይመስለኝም። ሁለት ስፒከር ስታወዳድር ሻጩ ድምጻቸውን እኩል ያድርግልህ፤ ጆሮ ትንሽ የጮኸውን ሁሌም የተሻለ አድርጎ ይወስደዋል። የቤዝና የትሬብል (የቀጭኑ ድምጽ) ማዞሪያውንም መሃል ላይ ይመልሰው።

ለገመድ ብዙ ብር አታውጣ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገዛ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተጣጣፊ ገመድ ይበቃል። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አግጥም፤ በአንዱ በኩል ከተገላበጠብህ ቤዙ ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምጽ መሃል መቆሙን ትቶ ይበተናል። መብራት ሲሄድ ደግሞ አምፑን ከሶኬቱ ንቀለው፤ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ዕቃ የሚያበላሸው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ጡረተኛ ነኝ። አምሃ ሬከርድስ ካሳተማቸው ጀምሮ ያጠራቀምኳቸው ሸክላዎች አሉኝ። ልጆቼ ሸክላ ማጫወቻና ኤዲፋየር አር1280ቲ የሚባል መብራት ላይ የሚሰካ ስፒከር ገዙልኝ። ስገጥመው ድምጹ ከሩቅ እንደሚሰማ ሆነ፣ ቤዝም የለው። ስፒከሩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ አባቴ፣ ስፒከርዎ ደህና ነው። የሸክላ መርፌ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው፣ 5 ሚሊ ቮልት ገደማ። የሲዲ ማጫወቻ ግን ወደ 2 ቮልት ያወጣል፤ 400 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ መስመሩ ሰፍቶ ቦታ እንዳይፈጅ ቤዙን ሆን ብለው ይቀንሱታል፣ ሲሰማ ተመልሶ እንዲጨመር። ይህ መጠን እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ወጥ ሆኖ ተወስኗል። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል፤ የእርስዎ ስፒከር ውስጥ የለም። መጀመሪያ የማጫወቻዎን ጀርባ ይዩልኝ። «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ ካለው «ላይን» ላይ ያድርጉት፣ ያኔ ይስተካከላል። ከሌለው ልጆችዎ ትንሿን ፕሪአምፕ ለብቻዋ ይግዙልዎት፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ሳጥን ናት፣ በማጫወቻውና በስፒከሩ መካከል ትገባለች።

አንድ ነገር ልለምንዎት። እነዚያ ሸክላዎች ዛሬ በቀላሉ አይገኙም። ያረጀ መርፌ በተሽከረከረ ቁጥር መስመሩን ይፍቀዋል፣ ከተፋቀ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። መርፌው አዲስ መሆኑን ሳያረጋግጡ አያጫውቷቸው። ማጫወቻውንና ስፒከሩን አንድ ጠረጴዛ ላይ አያድርጓቸው፤ ንዝረቱ ወደ መርፌው ተመልሶ ይገባና ይጮህብዎታል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ለገና በዓል ወደ አገር ቤት ስገባ ለአባዬ ስቴሪዮ ይዤለት መሄድ አስቤያለሁ፤ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ስፒከርና ሸክላ ማጫወቻ። እዚህ ገዝቼ ብወስድ አዲስ አበባ ይሠራል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስቱን ለያይተን እንያቸው። ስፒከሩ መብራት ላይ የማይሰካ፣ በሁለት ገመድ ብቻ የሚገጠም ከሆነ የትም አገር ይሠራል፣ አትጨነቂ። አምፑ ግን ሌላ ነው። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። ጀርባው ላይ 120 ብቻ የተጻፈበትን አምፕ አባትሽ ሶኬት ላይ እንደሰኩት ሊያቃጥሉት ይችላሉ። «100-240» የሚል ካገኘሽ ውሰጂው። ካላገኘሽ ለ220 የተሠራውን አዲስ አበባ ወይም በሌላ አገር በኩል ብትገዢ ይሻልሻል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፣ ግን ከባድ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ቤተሰብ ሳያውቅ አምፑን በቀጥታ ይሰካዋል።

ሸክላ ማጫወቻው ላይ ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። አንዳንድ ሞተር፣ በተለይ የድሮዎቹ፣ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ስለሆነ ዘፈኑ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ቀንሶ፣ ወፍሮ ይሰማል። ከትንሽ የግድግዳ ቻርጀር የሚሠራውን ምረጪ፤ ቻርጀሩን ባለ 220 መቀየር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስትጭኚ ስፒከሮቹን ፊት ለፊት አድርገሽ በመካከላቸው ጠንካራ ካርቶን አስገቢ፣ ዙሪያውን በልብስ ጠቅልይው፣ ዉፈሩ (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ላይ ግን ምንም አይጫን። የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ነቅለሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢው። ሻንጣው በስፒከሩ ማግኔት ምክንያት ፍተሻ ላይ ሊከፈት ስለሚችል በፕላስተር አታሽጊው፤ ከፍተው መልሰው መዝጋት የሚችሉት ይሁን።